የበግ አናት፣ ማሲንቆና ሴሬቤለም፦ የ3ኛ ወር ማስታወሻዬ

ሰላም ናችሁ? አንጎልን ክፍል በክፍል ማጥናቴን ቀጥያለሁ፤ ባለፈው ስጽፍላችሁ የአንጎል ግንድን ጨርሼ ነበር። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለምን፣ በአንድ ሳምንት እገላግለዋለሁ ብዬ ገባሁ፣ ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ።

ንቄው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሥዕል ላይ ስታዩት ከማጅራት ከፍ ብሎ ከኋላ የተለጠፈ ነገር ነው፤ በላቲንም ስሙ "ትንሽ አንጎል" ማለት ነው። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ግን በአንጎላችን ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ የታጨቁት እዚህ ነው። ቁጥሩን ተሳስተው የጻፉት መስሎኝ ሌላ ቦታ ሄጄ አረጋገጥኩ። እና ይሄ ሁሉ የት ገብቶ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከበግ አናት ነው። ለፋሲካ የታረደው በግ አናቱ ሊጣል ሲል "ለኔ ተዉልኝ" አልኩ። እማዬ "ምን ልትሠራበት? ልጄ፣ ጤናም የለህ?" አለችኝ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። በመጥረቢያ ከላይ ስመታው ውስጡ እንደ እርጎ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ከጎረቤት ለመንኩ። በዚህኛው አንገቱ ከተቆረጠበት ቀዳዳ ጀምሬ አጥንቱን በፒንሳ ቁርስ ቁርስ እያደረግኩ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ሙሉውን አወጣሁት። ትኩስ አንጎል ቢላ አይቀበልም፣ ስለዚህ ከፋርማሲ የገዛሁት አልኮል ውስጥ አራት ቀን ዘፈዘፍኩት። ስለ ሽታው ባንነጋገር ይሻላል።

ከዚያ ሴሬቤለሙን ከመሃል ቁልቁል ቆረጥኩት። ውስጡ ዛፍ! ነጭ ግንድ፣ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ቀንበጥ፣ ዳር ዳሩን ሁሉ ስስ ግራጫ ቅጠል ለብሶ። የድሮ አናቶሚስቶች "የሕይወት ዛፍ" ያሉት ወደው አይደለም። ነጩ የነርቭ ገመድ ነው፣ ሴሎቹ የተደረደሩት ግራጫው ላይ ነው። ያ ሁሉ ቢሊዮን ቦታ ያገኘው በመታጠፍ ነው፤ ሰፊ ጋቢ አጣጥፋችሁ ትንሽ ሻንጣ ውስጥ እንደምትከቱት።

ክፍሎቹን በስም መሸምደድ ትቼ በሥራቸው ያዝኳቸው። መሃሉ ላይ ያለው ቨርሚስ ወገብንና አካሄድን ያያል፣ አጠገቡ ግራና ቀኝ ያለው እጅና እግርን። ሰፊው የዳር ክፍል ከትልቁ አንጎል ጋር እየተመካከረ ዕቅድ ያወጣል። ከሥር ያለችው ትንሿ ክፍል ከውስጥ ጆሮ ጋር ሆና ሚዛንንና ዓይንን ትይዛለች። አንድ የምታሳስት ነገር አለች፤ እኔ ራሴን ስፈትን ሁለቴ ወድቄባታለሁ። ትልቁ አንጎል ተቃራኒውን ጎን ያዛል፣ ሴሬቤለም ግን የራሱን ጎን። መስመሩ ሁለቴ ስለሚሻገር ቀኙ ሲጎዳ የሚዛባው ቀኝ እጅ ነው።

የተቀረቀርኩት ፑርኪንዬ ሴል ላይ ነው። ቼኩ ሳይንቲስት ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1837 የገለጻቸው፣ ሲያዩዋቸው ጠፍጣፋ ቁጥቋጦ የሚመስሉ ትልልቅ ሴሎች ናቸው። ከሴሬቤለም ልባስ (ከዚያ ከግራጫው ቅጠል) የሚወጣው መልእክት በሙሉ በነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ሴሎች ማፈን እንጂ መቀስቀስ አያውቁም። "ተው፣ ተው" ብቻ የሚል ነገር እንዴት አድርጎ እንቅስቃሴ ያሳምራል? አሥር ቀን ዞሮብኝ ነበር።

የገባኝ ማሲንቆ ሲጫወቱ ሳይ ነው። ደጋኑ ክሩን እየገዘገዘ ድምፅ ያለማቋረጥ ይወጣል። ዜማ የሚሆነው ግን የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ሲነኩትና ሲለቁት ነው። ሴሬቤለም ሥር፣ ነጩ ውስጥ የተቀበሩት ኒውክሊየሶች (የነርቭ ሴል ክምችቶች) እንደ ተገዘገዘው ክር ናቸው፤ በራሳቸው ሲተኩሱ፣ ማለትም ምልክት ሲልኩ፣ ነው የሚውሉት። ፑርኪንዬዎቹ ጣቶቹ ናቸው። መቼ እንደሚያፍኑና መቼ እንደሚለቁ ነው ቅርጹን የሚሰጠው። ምሳሌው ሁሉ ቦታ አይሠራም፣ ግን እኔን አሻግሮኛል።

ጣቶቹ በምን ይማራሉ? አንዱ ፑርኪንዬ ሴል እስከ 200 ሺህ ከሚደርሱ ስስ ክሮች ወሬ ይሰማል፦ እጅህ የት ነው፣ ምን ታዘዘ፣ ምን ያህል ፈጠነ። ከዚህ ሌላ አንድ ብቻ፣ እንደ ሐረግ የሚጠመጠምበት ክር ከአንጎል ግንድ ይመጣለታል። ይሄኛው ብዙ አያወራም፣ በሰከንድ አንዴ ቢተኩስ ነው። ሲተኩስ ግን "ስተሃል!" እንደማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ማር በ1969፣ ጄምስ አልበስ በ1971 የመማሪያው መንገድ ይሄ ነው አሉ፤ ማር የስስ ክሮቹና የፑርኪንዬው ግንኙነት ይጠነክራል፣ አልበስ ይዳከማል አለ። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ማሳኦ ኢቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ መዳከሙን አሳየ። ዛሬ ሌሎችም መንገዶች እንዳሉ ይታወቃል፣ እኔ ግን ለጊዜው አንዱ በቅቶኛል።

አሁን ሞክሩት። ስልካችሁን በክንድ ርቀት ይዛችሁ ጭንቅላታችሁን ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ አንብቡ። ይነበባል። አሁን ጭንቅላታችሁን አቁማችሁ ስልኩን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙት። ጠፋ አይደል? በመጀመሪያው የውስጥ ጆሮ ዓይንን በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል፣ ልኩን የሚያስተካክለው ሴሬቤለም ነው። አዲስ መነጽር ያደረግኩ ሰሞን ወለሉ ሲዋኝብኝ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ። ያኔ ሐኪሙን አማሁት፤ ለካ እኔና ሴሬቤለሜ ልኬት ላይ ነበርን።

ሁለተኛው ሙከራ ረዳት ይፈልጋል። ወፍራም መጽሐፍ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። እህቴ ድንገት ስታነሳው እጄ ወደ ላይ ዘለለ። በሌላው እጄ ራሴ ሳነሳው ግን ንቅንቅ አላለም። ክብደቱ ሊቀንስ መሆኑ ቀድሞ ስለታወቀ ጡንቻው በሰዓቱ ላላ። ከዓይንና ከቆዳ የሚመጣ ወሬ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ሴሬቤለም ያን ቢጠብቅ ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚያርመው። ስለዚህ ይገምታል።

ግምቱ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ትውልደ አየርላንዱ የነርቭ ሐኪም ጎርደን ሆልምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥይት የቆሰሉ ወታደሮች ላይ አይቷል። ሽባ አይሆኑም። ግን ዕቃ ሊያነሱ ሲዘረጉ እጃቸው ያልፈዋል ወይ ሳይደርስ ይቀራል፣ በተጠጋም ቁጥር ይንቀጠቀጣል። በ1939 ባሳተመው ጽሑፍ አንዱ ታማሚ ግራ እጁ ሳያስብበት እንደሚሠራለት፣ ቀኙን ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ አስቦ እንደሚያንቀሳቅሰው ነግሮታል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሸሚዝ ስቆልፍ ጣቶቼን ሳያቸው እውላለሁ።

በሚቀጥለው ቤዛል ጋንግሊያ ነው፣ ትልቁ አንጎል ውስጥ በጥልቀት የተቀበሩት የሴል ክምችቶች። የበጉ ግማሽ አንጎል አሁንም ማሰሮ ውስጥ አለ፣ እማዬ እስከ ቅዳሜ ካላወጣሁት ራሷ እንደምትደፋው ነግራኛለች። ቅርጫ የምትገቡ ካላችሁ የበሬውን አናት አስቡኝ፤ መጋዝ አለኝ።