የአባዬ ልብ፦ ደረት ይከፈት ወይስ በእግር ደም ሥር ይገባ?

አባዬ 74 ዓመታቸው ነው። የደሴን ዳገት ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ወጥተውታል። አምና ግን መሀል ላይ እየቆሙ ትንፋሽ መሰብሰብ ጀመሩ። «እርጅና ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አመንኩ። በአንድ ክሊኒክም ለወራት የአስም መድኃኒት ወሰዱ። ከዚያ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሱ ነገሩ ታወቀ። ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚያሳልፈው አኦርቲክ ቫልቭ ካልሲየም ጠጥሮበት ጠቧል። በመድኃኒት አይከፈትም፣ መቀየር አለበት።

ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ደረት ሳይከፈት በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ቫልቭ የተተካው መጀመሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ አላን ክሪቢየ ይባሉ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት ደም ሥር ይገባል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት አገኘሁ። የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 73፣ የአባዬ እኩያ ማለት ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱ፣ ስትሮክ የመታቸው ወይም ሆስፒታል የተመለሱ በካቴተሩ 8.5 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው 15.1 በመቶ ነበሩ። በአምስት ዓመት ልዩነቱ ጠቧል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ይዤ ቀረሁ። ዋጋው ውድ ቢሆንም መሬት እንሸጣለን አልኩ።

ከኮምቦልቻ በረን አዲስ አበባ ሄድን። አንጂዮግራፊ (የደም ሥር ራጅ) ሲነሱ ልባቸውን ራሱን የሚመግቡት ሦስት ደም ሥሮች ጠበው ተገኙ። ሐኪሙ ደረት ከተከፈተ ቫልቩም፣ ለጠበቡት ደም ሥሮች ማለፊያ የሚሠራው ባይፓሱም ባንድ ጊዜ ያልቃል አሉ። ጥናቱን መልሼ አነበብኩት። ለካ እንዲህ ያለ ውስብስብ ጥበት ያለባቸውን ከመጀመሪያው አላስገባም! የአባዬን ዕድሜ አገኘሁና የአባዬን ልብ ያገኘሁ መሰለኝ። ስታነጻጽሩ ጥናቱ እነማንን እንዳስቀረ ፈልጉ። ደም ሥራቸው ጤነኛ ቢሆን ወይም 85 ቢሞላቸው ካቴተሩን ያለ ማመንታት እመርጥ ነበር።

አባዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የከብት ነው የአሳማ?» ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራ አለ ሲባሉ ፊታቸው በራ። በተለምዶ የብረት የሚባለው ሜካኒካል ቫልቭ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛና የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ እሱን ተውነው።

ቀዶ ሕክምናው ህንድ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን የልብ ምታቸው ተዛባ፣ በመድኃኒት ተስተካከለ። የከበደኝ ደሴ ስንመለስ ነው። የደረት አጥንት እስኪገጥም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጠያቂው ግን ሁሉ በፍቅር ክንዳቸውን ይዞ ሊያስነሳቸው ይሞክራል። እማዬ በር ላይ ቆማ «በአላህ፣ እጃቸውን እንዳትስቡ» እያለች ታስገባ ነበር።

አሁን ዳገቱን ሳይቆሙ ይወጣሉ። ባለፈው ወር ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄዱ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት። ለጥርስ ሐኪሙ የነገሩት ራሳቸው አባዬ ናቸው።