ለጉልበቴ የተደረገልኝ ቸርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ የገጠር ደብር ዜማና አቋቋም የማስተምር አገልጋይ ነኝ። በቀኝ ጉልበቴ ላይ የተደረገልኝ ነገር በሕክምና ባለሙያ እጅ ስለ ሆነ ብቻ ከጸሎት መልስ የማይቆጥሩት ወንድሞች አሉ፤ እኔ ግን የለመንኩትን ስለማውቅ እመሰክራለሁ።

ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ ማኅሌት ለሚቆም ሰው ጉልበት ማጣት አገልግሎት ማጣት ነው። ሕመሙ የጀመረኝ ቁልቁለት ስወርድ ሲሆን፣ እየቆየ ከተቀመጥኩበት ለመነሣት እንኳ ሰው ካልደገፈኝ የማልችል አደረገኝ። በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አንገቴን ብቻ እደፋ ነበር። ወጌሻ በቅቤ አሸኝ፤ አንድ የጤና ተቋምም ጉልበቴን ሳይነካ ማስታገሻ እየደጋገመ ሰጠኝ። ጠበል እየተጠመቅሁም፣ እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው 7 ዓመት የጸለዩትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አማላጅ አድርጌ፣ ለስቅለት ስግደት እንዲያበቃኝ አምላኬን ለመንኩ፤ ዣንጥላም ተሳልኩ።

መልሱ የመጣው ባላሰብኩት በኩል ነው። ቀድሞ ደቀ መዝሙሬ የነበረና አሁን ነርስ የሆነ ልጅ ለንግሥ መጥቶ፣ ማኅሌቱ ሲቆም እኔ ተቀምጬ ቢያየኝ አዝኖ በእጅና በእንቅስቃሴ ወደምታክም አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰደኝ። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው ሐኪምን አክብር የሚለውን የሲራክን 38ኛ ምዕራፍ ጠቅሰው፣ «ጠበሉንም አትተው፣ ልጅቱ የምትልህንም አድርግ» አሉኝ።

ልጅቱ አስቀድማ የሁለቱን ጭኖቼን ውፍረት በሜትር ለካች፤ የቀኙ ቀጥኖ ተገኘ። «የኔታ፣ ሕመሙን ሲሸሹ እግሩን አሳርፈውታል፤ የጭኑ ጡንቻ ሲደክም ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ወደቀ» አለችኝ። ራጁ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን ያሳያል፤ በመካከላቸው ያለውን የሳሳ ልም አጥንት መመለስ እንደማትችል፣ ጡንቻውን ማጠንከር ግን እንደሚቻል ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ይህ እውነተኛነቷ ከሁሉ ይልቅ አሳመነኝ።

ከዚያ የጉልበቴን ሎሚ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንሸራተተችው፤ ቅልጥሜንም በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቴ እስከሚፈቅደው ድረስ አጠፈችውና ዘረጋችው። የወጌሻው ዓይነት ብርቱ እሽታ አልነበረም። ስነሣ ቀለል ቢለኝም፣ «የእጄ ሥራ የሚያቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚያድንዎት ቤትዎ የሚሠሩት ነው» አለችኝ። ከመሄዴ በፊት መቋሚያዬን ከቀኝ እጄ ወስዳ በግራ እጄ አስያዘችኝ፤ ምርኩዝ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒ ወገን ነው፣ ሸክሙን የሚያቀልለው እንዲያ ነው አለች። ዕድሜዬን ሙሉ መቋሚያ የያዝኩ ሰው ይህን ከአንዲት ወጣት መማሬ ፈገግ አሰኘኝ።

ቤቴ መደብ ላይ ተኝቼ፣ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበቴ ሥር አድርጌ ወደ ታች እጫናለሁ፤ ቀጥሎም እግሬን ዘርግቼ አነሣለሁ። እስከ አምስት ቁጠር ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን እያንዳንዱን አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እስክል እይዘዋለሁ፤ ስነግራት ሳቀችና ፈቀደችልኝ። ሕመሙ እስከ ማግስቱ ከቆየ እንድቀንስ፣ ካልቆየ ግን ጥቂት ቢያመኝም እንዳልፈራ አስጠነቀቀችኝ። ሲበረታልኝም ከወንበር ያለ እጅ መነሣትን፣ በኋላም በታጠፈ ጋቢ ላይ መንበርከክን አስለመደችኝ።

በቀጣዩ የስቅለት ዕለት ከጉልበቴ ሥር ጋቢ አንጥፌ ሰገድኩ። የጎልማሶቹን ያህል አልሰገድኩም፤ ግንባሬ ግን መሬት ነክቷል፣ የተነሣሁትም ማንም ሳይደግፈኝ ነው። ዣንጥላውንም የጻድቁ ስባረ አጽም በሚታሰብበት ጥር 24 ቀን አስገባሁ። የጮቄ ተራራ ብርድ ሲበረታ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ይተሳሰራል፤ ያን ጊዜ መደቡ ላይ ተኝቼ እግሬን እያነሣሁ እግዚኦታዬን አደርሳለሁ። ለዚህ ላበቃኝ አምላክ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።