ልባቸውን የሚያማቸው አባትና እናት በሐይቁ ዳር እንዴት ይራመዱ?

ሐዋሳ ለዚህ ታድላለች። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ መንገዱ ሜዳ ነው፤ አረፍ ለማለትም ይመቻል። የታቦር ተራራ ግን ይቅር። ጎረምሶች በማለዳ ሲወጡት ቢያስቀናም፣ በሜዳ ቀላል የነበረው እርምጃ ዳገት ላይ ልብን እጅግ ያለፋል።

መጀመሪያ ሐኪማቸው ይፍቀድ። ተፈቅዶም ቢሆን ትኩሳት ካለ፣ ቁጭ ባሉበት ደረታቸውን ካመማቸው፣ ግፊታቸው ከ180/110 ካለፈ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ክብደታቸው 2 ኪሎ ያህል ከጨመረ የዚያን ዕለት አይራመዱ። ልቡ የደከመ ሰው እንዲህ በአጭር ቀን የሚጨምረው ክብደት ስብ ሳይሆን ውኃ ነውና ለሐኪም ይነገር።

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ከቅዳሴ እንደሚመለስ ሰው ዝግ ብለው ይሂዱ። በዕድሜና በበሽታ የደነደነ የልብ ደም ሥር ቶሎ አይሰፋም፤ ድንገት ከተፋጠኑ ደረት ሊጨንቅ ይችላል። ከዚያ ፈጠን ያለ እርምጃ ይከተል። ለጀማሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ያም ከከበደ ሦስት ደቂቃ ሄዶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ሦስት። በየጥቂት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጨመሩ 30 ደቂቃ ማድረስ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ችኮላ የለም።

ፍጥነቱን በልብ ምት መለካት ብዙዎችን ያሳስታል። አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል የተባሉትን የልብ ምት የሚቀንሱ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ልባቸው ቢለፋም ምታቸው ብዙ አይጨምርም፤ ልጆች ከውጭ የላኩት ዘመናዊ ሰዓት "ገና ነው፣ ፍጠን" ቢል አይመኑት። የተሻለው መለኪያ ወሬ ነው። እየሄዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከተናገሩ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው፣ ልኩ እሱ ነው። በየቃሉ እየቆረጡ ካወሩ በዝቷል።

ቤተሰብ አብዝቶ የሚሳሳተው ግን መጨረሻው ላይ ነው። እርምጃው እንዳለቀ ቀጥ ብሎ መቆም ወይም ዘልሎ ባጃጅ ውስጥ መግባት! ሲራመዱ የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ጡንቻው ድንገት ሲያርፍ ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ይዞራል፤ የልብ ምት የሚዛባበትም አለ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ ፍጥነቱን እየቀነሱ ሌላ 10 ደቂቃ ይራመዱ፣ ከዚያ ይቀመጡ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:00 ቢሆን ፀሐዩ አይከብድም። ምግብ ከበሉ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ላሲክሳቸውን፣ ማለትም ውኃ በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ የሚዘልሉ አሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ የሚወስዱበትን ሰዓት ያስተካክልላቸው። ኢንሱሊን የሚወጉ ከረሜላ በኪሳቸው አይጥፋ።

ከምላስ ሥር የምትደረግ ክኒን የታዘዘላቸው ከነብልቃጧ ይያዟት። ደረት ሲጨንቅ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ክኒኗ፤ ቆመው ከወሰዷት ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። በ5 ደቂቃ ካልተሻላቸው ቀጥታ ሆስፒታል። ክኒን የሌላቸውም ቢሆኑ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ ከሄደ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላባቸው፣ "ትንሽ ልረፍና ያልፋል" አይባልም።

ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት የተኙ እንደሆነ ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ በግማሹ ይጀምሩ።