ኮምቦልቻ ጤነኛ፣ ደሴ በሽተኛ የሆነው ሰርቪስ

የፋብሪካ ሰርቪስ ነው የምነዳው፣ ደሴ ያድርና ሌሊት 11 ሰዓት ሠራተኛ እየለቀመ በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ታህሳስ ላይ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለ። ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ጠቅ ይልና የዳሽቦርዱ መብራት ፍዝዝ ብሎ ዝም፣ በቃ ረዳቱና ቀድመው የመጡት ሠራተኞች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይገፉታል፣ ደግነቱ ደሴ ቁልቁለት አይቸግርም።

ያበሳጨን ኮምቦልቻ ሲደርስ ምንም አለመሆኑ ነው። ጋራዥ ስንወስደው እጅ ሳይነካው ይነሳል፣ በቴስተር ሲለኩት ከ12.6 ቮልት በላይ፣ "ምንም የለውም" ብለው ይመልሱናል። ስምሪት ክፍሉ ደግሞ ሹፌሩ ማርፈጃ ፈልጎ ነው ማለት ጀመረ (በዛ ብርድ መኪና እየገፋ የሚያረፍድ ሰው ምን አባቱ ያተርፋል?)።

በኋላ ባትሪ የሚሠሩ አንድ ሀጂ ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ "የት ነው የሚያድረው?" አሉኝ። ደሴ አልኳቸው። "በል አብሽር፣ ዲናሞው መንገዱን ሙሉ ሲሞላው መጥቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ እዚህ ብትለካው ምን ይነግርሃል? አድሮ ሳይነሳ ነው የሚለካው።"

ደሴ ዘመድ ጋ አድረው ጎህ ሳይቀድ መጡልኝ። ሞባይል አበራሁላቸው፣ ተርሚናሉ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ አጥበው አጠበቁት። ዝም ብሎ ሲለካ 12.2 አለ፣ ቻርጁ ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው፣ ቁልፍ ሳዞር ግን 8 ቤት ገባ። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ይላሉ። ገፍተን አስነስተን ሲለኩ 14 አለፈ፣ ዲናሞው ነፃ ወጣ። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎም አንድ ሌሊት ሲያድር ያው፣ ጥፋቱ የራሱ የባትሪው ነበር።

ብርድ ባትሪውን ያደክመዋል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል፣ ስለዚህ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ነው ባትሪው የሚለግመው። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ምን ይደረግ። ግን ሀጂ እንዳሉት ገዳዩ ሌላ ነው፣ ባትሪ ዕድሜውን የሚጨርሰው ሙቀት ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውልና ጉዱ ደሴ ይወጣል።

የቴስተሩን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ለስምሪቱ ላኩለት። አዲሱ ባትሪ እስኪገዛ ከሌላ መኪና በኬብል እያስነሳን ከረምን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ግን የደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጎ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ባትሪ ጋዝ ስለሚያወጣ እሳት ብልጭ ካለበት ይፈነዳል። አሮጌውን ሻጩ ከዋጋው ቀንሶ ወሰደው።