የዚህ ክረምት ስፌትና ስልጆ

ትናንት ማታ የልጄን የዘመን መለወጫ ቀሚስ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ክር በጥሼ በሩ ላይ ሰቀልኩትና ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሽሮ ሜዳ በገዛሁት ሸማ፣ በአያቴ ሲንጀር የስፌት ማሽን፣ ከአንገቱ እስከ ቅምቅማቱ ድረስ ራሴ የሰፋሁት የመጀመሪያው ቀሚስ ነው። መስከረም 1 ቀን ከጓደኞቿ ጋር አበባዬሆሽ ስትል ትለብሰዋለች። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንገላታኝን ነገርም አብሬ ልንገራችሁ። ስፌት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

አጀማመሬን ባጭሩ ላውራ። መምህር ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እጄ ሥራ ይፈልጋል። አምና ክረምት በደብተር ወረቀት ላይ ያለ ክር መስመሩን እየተከተልኩ መንዳት ለመድኩ። ከዚያ የትራስ ልብስ፣ ሽርጥ፣ የጠረጴዛ ልብስ ሰፋሁ። አንድ ነጭ ሸሚዝም ሞክሬ ነበር፤ ጨርቁን ሳላጥብ ስለቆረጥኩት በመጀመሪያው እጥበት አጠረ። ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተኩሳችሁ ቁረጡ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሸማውን ዘርግቼ መስፋት ስጀምር ከላይ ሲታይ ስፌቱ ያማረ ነበር። ገልብጬ ሳየው ግን ከስር ክሩ ተንዘላዝሎ እንደ ወፍ ጎጆ ተተብትቧል። ፈታሁት፣ እንደገና ሰፋሁ፣ እንደገና ተተበተበ። ሸማ ደግሞ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ ስፌት በተተረተረ ቁጥር ይጎዳል። በሦስተኛው መተርተር ጠርዙ ክሩ እየተመዘዘ ሁለት ጣት ያህል ተበላ።

ችግሩ ከስር ስለሚታይ ጥፋቱን ከስር ፈለግሁ። የታችኛው ክር የሚጠመጠምበትን ቦቢን አውጥቼ እንደገና ጠመጠምኩ። የቦቢን ቤቱን ትንሿን ብሎን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ። ዘይት ቀባሁ። መርካቶ ወርጄ አዲስ ክር ገዛሁ። ማሽን የሚጠግን ሰው ጋም ወሰድኩት፤ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ ብሎ መለሰኝ። ያን ቀን ማታ አለቀስኩ ብላችሁ እመኑኝ። አያቴ አምስት ልጆቿን ያለበሰችበት ማሽን ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጨርቁን ገልብጠው አዩት። ማሽኑን አልነኩትም። "እስቲ ክር አስገቢ ልይሽ" አሉኝ። አስገባሁ። "ልጄ፣ እግሩ ወርዶ ነው እኮ የምታስገቢው" አሉኝ።

ነገሩ ይኼ ነው። የላይኛው ክር የሚያልፍባቸው ሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች አሉ፤ ክሩን የሚያጠብቁት እነሱ ናቸው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ሲነሳ ይከፈታሉ፤ ሲወርድ ይገጥማሉ። እግሩ ወርዶ ክር ካስገባችሁ ክሩ መሃላቸው አይገባም፤ ላያቸው ላይ ይቀራል። የሚይዘው የለምና የላይኛው ክር ዝም ብሎ ይለቀቃል፣ የታችኛው ወደ ስር ይስበዋል፣ እዚያ ይጠራቀማል። ስለዚህ ትብታቡ ከስር ሲታይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ይህን ሦስት ሳምንት የሚነግረኝ አጥቼ ነበር።

አሁን ሁሌ የማደርገው አለ። እግሩን አንስቼ ክር አስገባለሁ፣ ከዚያ እግሩን አውርጄ ክሩን በእጄ ሳብ አደርገዋለሁ። ከበድ ካለኝ ገብቷል። ቀለል ካለኝ እንደገና ከመጀመሪያው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ መርፌዬንም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጂንስ የጠገንኩበት 16 ቁጥር መርፌ አልወጣም ነበር። ለሸማ እሱ ምስማር ነው። 11 ቁጥር ሰጡኝ። መርፌ ስትገጥሙ ደግሞ መርፌው ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት በኩል መዞር አለበት፤ ከተገላበጠ ስፌት ይዘላል። ስንቱ ማሽን በዚህ ምክንያት ብቻ "ተበላሽቷል" ተብሎ አቧራ ይጠጣል መሰላችሁ!

ትብታቡ ከተፈታ በኋላ የቀረው የሸማው ጠባይ ነበር። ስፌት ስጀምር ጨርቁን ማሽኑ ወደ ቀዳዳው ይውጠዋል። ለዚህ አሚዶ ፍቱን ነው። ቀጠን አድርጌ በጠበጥኩ፣ ሸማውን ነክሬ አደረቅሁ፣ ተኮስኩ። እንደ ወረቀት ቀጥ አለልኝ፤ ሲታጠብ ይለቃል። ከስሩም ስስ ነጭ ወረቀት አነጥፋለሁ፣ ሰፍቼ ስጨርስ እቀደዋለሁ። ጋዜጣ እንዳታደርጉ፣ ቀለሙ ነጩን ያቆሽሻል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች ስሰፋ ሁለቱንም የክር ጫፎች ወደ ኋላ ይዤ ነው።

ጠርዙ እንዳይመዘዝ ከመቁረጤ በፊት በመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ ሁለት መስመር እሰፋለሁ፣ ከዚያ መሃሉን እቆርጣለሁ። ብዙ ሰው ጠርዙን በክር በሚጠቀልለው ማሽን፣ በኦቨርሎክ፣ አስመቺው ይለኛል። ለሸማ አልወደውም። ሸማ ገልብጠው ሲያዩትም ማማር አለበት ባይ ነኝ። ስለዚህ ድርብ ስፌት ነው የምሰፋው፤ መጀመሪያ በገጹ በኩል ጠበብ አድርጌ፣ ከዚያ ገልብጬ ጠርዙን ውስጥ እየደበቅሁ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

በዚህ መሃል ፍልሰታ ገባች። እኛ ቤት ልጄም ትጾማለች። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የሲንጀሩ ድምፅ፣ ምድጃው ላይ በቆሎ እሸት፤ የዚህ ክረምት ትዝታዬ ይኸው ነው። እሸት ግን ጥብሱን ነው የምወደው፤ ቅቅሉን ለሚወዱት ትቻለሁ። ሱፍ ፍትፍትም ሠራሁ፣ ተልባም። ራሴን ልፈትን ያልኩት ግን በስልጆ ነው፤ ከሱፍና ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ ለቀናት የሚብላላ የጾም ማባያ ነው። እናቴ ትሠራው ነበር፤ ሳልጠይቃት አለፈች።

ሱፉን ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጠበጥኩና አጠለልኩት። ማጥለያው ምን መሰላችሁ? ያ ሲተረተር የተበላሸው የሸማ ቁራጭ። ከገዛሁት ወንፊት ሁሉ ይሻላል፣ ወተት የመሰለ ውሃ ነው የሚያወጣው። በዚያ ውሃ የባቄላ ዱቄት ይገነፋል። የመጀመሪያው ጓጎለብኝ፤ ዱቄቱን የጨመርኩት ውሃው ከፈላ በኋላ ነበር። አሁን አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአራት ብርጭቆ ቀዝቃዛ የሱፍ ውሃ በጥብጬ ነው የምጥደው፤ እጄን ሳላነሳ በዝግታ አማስለዋለሁ።

ሁለተኛው አልጓጎለም፣ ግን ሰናፍጩን በትኩሱ ጨመርኩበት። ሰናፍጭ ኃይሉን የሚያወጣው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ሲቆይ ነው፤ ትኩስ ነገር ይገድለዋል። አፍንጫ የሚነካ ነገር አጣሁበት። በዚያ ላይ ቸኩዬ በሁለተኛው ቀን አቀረብኩት። ባቄላ ባቄላ ይላል። ልጄ ምንም አላለችም፤ ሳህኗን ግን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

ሦስተኛው በደንብ ቀዘቀዘ። ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ገባበት። ከድኜ አስቀመጥኩት፣ በየቀኑ በንጹህ ማንኪያ አማሰልኩት። በክረምት ብርድ ቶሎ አይደርስም። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። ቆሜ ቀረሁ። ልጄ በእንጀራ ጠቀሰችና ደገመች።

ስለ ቀሚሱ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። የታችኛው ጥለት ከሸማው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በማሽን አልተሰፋም። ጥለቱ ወፍራም ነው፣ ሸማው ስስ ነው፤ ማሽኑ አንዱን ይጎትታል፣ ሌላውን ይተዋል፣ መጋጠሚያው ይኮማተራል። አሚዶም ወረቀትም አልረዳኝም። ሁለት ጊዜ ተረተርኩትና በመጨረሻ በእጄ፣ በቀጭን የጥጥ ክር፣ ሁለት ማታ ፈጅቼ ሰፋሁት። ስለዚህ ለዚያ ቦታ የምሰጣችሁ ምክር የለኝም። ከእናንተ ውስጥ ጥለትን በማሽን ሳይኮማተር የሚገጥም ካለ በዝርዝር ይንገረኝ፤ መርፌውን፣ ክሩን፣ የስፌቱን ርዝመት ጭምር። የተረፈ ሸማ አለኝ፣ እሞክረዋለሁ።

አራተኛውን ስልጆ ዛሬ ከድኛለሁ። ለዓርብ ይደርሳል።