«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

በአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ችሎት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ ሰብሳቢ ዳኛችን ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ስማቸው እንዲነሳ የሚወዱ አልነበሩምና እዚህም ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። እሳቸው በሌሉበት ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተምረው፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት አውራጃ ፍርድ ቤት ተመደቡ። ወዲያው አብዮቱ መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረስ፣ የቤት ክርክር ከእጃቸው እየወጣ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ይህ ሳይቆጫቸው አልቀረም፤ የቤት መዝገብ ሲመጣ ፊታቸው ይፈካ ነበር። በሦስት መንግሥት ዳኝተዋል። ማኅተሙ በየጊዜው ተቀየረ፤ ጠረጴዛቸው ላይ የሚገለጠው ግን ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ አብልጠው የሚይዙት ቁጥር 241ን ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ተከራካሪዎቹን በቃል ጠይቆ የትኛውን እንደሚያምኑ፣ የትኛውን እንደሚክዱ ይለያል ይላል። በየችሎቱ ግን ጠበቆች ብድግ ብለው «በጽሑፍ ያቀረብነውን እናጸናለን» ይላሉ፣ ምስክር ለመስማት ይቀጠራል፣ አለቀ። ጋሼ ይህችን ዓረፍተ ነገር አይቀበሏትም። በዚህ ምክንያት ችሎታችን ከምሳ ሰዓት ያልፍ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የሚያጉረመርመው ደግሞ እኔ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ አጉረመርም ነበር።

አንድ ቀን የቤት ሽያጭ መዝገብ ተጠራ። ገዢው ከሳሽ ነው፤ ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ስሙ ይዛወርልኝ ይላል። ተከሳሹ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ጠበቃቸው ያቀረበው መልስ አራት ገጽ ነው፦ ውሉን አላውቀውም፤ ፊርማው የእኔ አይደለም፤ ነው ቢባል እንኳ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ስላልተደረገ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት አይጸናም። ከሳሹ በበኩሉ ፊርማው ለፎረንሲክ ምርመራ ይላክልኝ ብሎ ስምንት ምስክር ቆጥሯል።

ጋሼ ሽማግሌውን ወደ ፊት ጠሯቸው።

«አባቴ፣ ይህን መልስ አንብበውታል?»

«ልጄ አነበበልኝ ጌታዬ። ግማሹ አልገባኝም።»

ውሉን ሰጡኝና ወስጄ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው እየደባበሱ ቆዩ።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

ጠበቃው ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ በመልሳቸው ላይ…»

«መልሱን አንብቤዋለሁ። ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ጠበቃቸውን አየት አደረጉና፣ «የኔ ነው እንጂ» አሉ። «ቤቱንም ሸጬለታለሁ። ሰማንያ ሺህ ብሬን ባያስቀርብኝ ኖሮ ምን አጣላን?»

ከሳሹ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ሰማንያ አይደለም፣ ስልሳ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጋሼ ጠረጴዛውን በእርሳስ ጠቆም ጠቆም አደረጉና ጭብጡን አስመዘገቡ፦ ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ 60 ሺህ ነው ወይስ 80 ሺህ? ፎረንሲኩም ምስክሮቹም ቀሩ። የደረሰኞቹ ዋና ቅጂ እንዲቀርብ ብቻ ታዘዘ። በቀጠሮው ደረሰኞቹ ሲደመሩ ቀሪው 70 ሺህ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ተሳስተው ነበር።

ያ የእምነት ቃል ተራ ነገር አልነበረም። በቁጥር 1723 ላይ ያኔ ክርክሩ ትኩስ ነው፤ የሰበር ችሎት መጀመሪያ ውሉ እንዲህ ባለ አካል ፊት መመዝገቡን አጥብቆ ይዞ፣ በኋላ ሻጩ ውሉን ካልካደ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም ወደሚል ትርጉም ሄዷል። ጋሼ የፈረዱት በቁጥር 1757 መንፈስ ነው፤ ሌላው ይፈጽምልኝ የሚል ሰው ራሱ መፈጸም ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆን አለበት። ገዢው 70 ሺውን ሲከፍል፣ ሻጩ ስሙን ያዛውሩ ተባለ።

ሽማግሌው ግን የጎደላቸው ነገር አለ። ሕጉ ለዘገየ ክፍያ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያውቃል፤ ገንዘቡ ደግሞ በገዢው እጅ ዓመታት ቆይቷል። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ወለድ ለማግኘት የተከሳሽ ከሳሽነት አቤቱታ፣ ማለትም ተከሳሹ በተራው ከሳሹን የሚከስበት ጽሑፍ፣ መቅረብ ነበረበት፤ «ውሉን አላውቀውም» ብሎ የጀመረ መልስ ደግሞ ቀሪ ዋጋዬ ይከፈለኝ ሊል አይችልም። ሰውዬው ፍርዱ ሲነበብ ደስ ብሏቸው ወጡ። ይህን ያስረዳቸው ሰው መኖሩን እንጃ።

እኔ ያኔ በማታው ክፍል ሕግ እማር ነበር፤ ዛሬ ጠበቃ ነኝ። መልስ ከመጻፌ በፊት ደንበኛዬን አስቀምጬ ሰነዱን በእጁ እሰጠዋለሁ፤ «ፊርማው ያንተ ነው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ «አንተ የማን ጠበቃ ነህ?» ብሎ ያኮርፍና ሌላ ጠበቃ ይፈልጋል።