80 ወንበር፣ 113 ፊርማ

ሐዋሳ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ክበቡን አስተባብር ስባል መጀመሪያ ያደረግኩት ባነር ማሳተም ነበር። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9 የሚከበረው የፀረ ሙስና ቀን ደርሷል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የምናውቃቸውን 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች፣ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያልን ደረደርናቸው። አዳራሽ ተያዘ፣ ቲሸርት ታደለ፣ እንግዳው ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበ።

ማታ አበል የሚከፈልበትን መፈረሚያ ወረቀት ስቆጥር ግን ደነገጥኩ። አዳራሹ ያለው 80 ወንበር ነው፤ ፊርማው 113። አምስት ስድስት ስም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተከታትሎ ይወርዳል። ያውም በሥነ ምግባር ስልጠና!

ቀድጄ ልጥለው ዳድቶኝ ነበር። በኋላ ስሞቹን ሸፍኜ ኮፒ አስደረግኩትና ክፍል ይዤው ገባሁ። ተሳቀ። ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ «ለጓደኛ መፈረም ሙስና ነው እንዴ? ይሉኝታ ነው እንጂ» አለ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ስለ ይሉኝታ አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። የማስተምረው ስለ ጉቦ፣ ስለ ሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ጉቦ የሚቀበልበት ወንበር የት አለው? እሱን የሚገጥመው የዶርም ጓደኛው «ፈርምልኝ» ሲለው፣ አጤሬራ «አሳልፍልኝ» ሲባል፣ ወይም ኮፒ ቤት በር ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሲያይ ነው።

ስለዚህ ንግግሩን ትተን በየሳምንቱ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይዘን መቀመጥ ጀመርን። ሁሉም የሌላውን ጥፋት ብቻ እያመጣ ሲያስቸግር የራሴን አወጣሁ፦ ባለፈው ሴሚስተር የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ያ ልጅ የጎረቤታችን ነው» ስላለኝ ሦስት ማርክ ጨምሬያለሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ታዲያ ግሬዱ ተስተካከለ?» አለችኝ።

አልተስተካከለም ነበር። በማግስቱ ልጁን ጠርቼ ነገርኩት፤ ምስኪን፣ ስልክ መደወሉንም አያውቅም። የማስተካከያ ቅጹን ሞልቼ ለትምህርት ክፍሉ ስሰጥ እጄ ላብ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪዎቹ የራሳቸውን ማምጣት ጀመሩ። ከአንድ ዓመት ባነር ይልቅ ያቺ ጥያቄ ብዙ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ።

ከግቢ ውጭ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ፣ ላፕቶፕና የተዘጋጀ ንግግር ይዤ ሄድኩ። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ያላደገውን ቆሮሶ ዓሣ ሳይቀር እየጠረገ ሐይቁን እንደሚያራቁት ልነግራቸው ነው። ለእነሱ! አንድ አዛውንት በትሕትና አስቆሙኝ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ጉዳይ ሲጀመር «አፊኒ?» ይባላል፣ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት። «እርስዎ ገና ከእኛ የሰሙት የለም፤ ይቀመጡና ይስሙ» አሉኝ።

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወሩት ስለ «ሀላሌ»፣ ስለ እውነት ነበር፤ ማታ በድብቅ ጠባብ መረብ የሚጥለውን ማን እንደሚያውቀው፣ ለምን ዝም እንደሚባል፣ ዘመድ ከሆነስ ምን እንደሚደረግ። ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። የፊርማው ወረቀት ነበር፣ በዓሣ አጥማጅ አፍ። ከዚያ ወዲህ ማኅበረሰቡ ዘንድ ስንሄድ የምንይዘው ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው፤ የሚናገሩትም እነሱ ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮም ለሌላ ልጅ ደወለልኝ። አይሆንም አልኩት። «አንተ ደግሞ ባነር ላይ የጻፍከውን የምር አመንከው?» ብሎ ዘጋብኝ። ለፋሲካም አልተደዋወልንም።